ወደ ኋላ የተሰጠ ወንበር

ለንደን፣ አርችዌይ ሰፈር ባለው እድራችን አሥራ አራት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። የቀድሞው ሊቀመንበር ሲያርፉ ወንበሩ ለእኔ እንደሚገባ የማያውቅ አባል አልነበረም። ማወቅና መምረጥ ግን ለየቅል ናቸው።

የመረጡት አንድ ግዙፍ ሰው ነው። በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ ያደገ፣ በበር በጎኑ ካልሆነ የማይገባ፣ ለንደን ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው። በአባልነት ቅጹ ላይ፣ «የቀድሞ ሥራ» በሚለው ቦታ፣ «ፕሮፌሽናል ፉትቦል» ብሎ በእንግሊዝኛ ሞላ። እኔ ወደ አማርኛ መልሼ «የታወቀ እግር ኳስ ተጫዋች» ብዬ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት። «የታወቀ» የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም፤ ማንም እንዲጠይቀኝም አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ወንዶቹን የሚይዛቸው ጠፋ። ሰውየው «የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ሌላ ጨዋታ ነው» ሲላቸው «አዎ፣ አሜሪካ» ይላሉ። ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ፣ «ይኼ ልጅ አገር ቤት ቢቀር ኖሮ ብሔራዊ ቡድናችን እንዲህ አይዋረድም ነበር» ብለው አዘኑ። በአንድ ድምፅ መረጡት። ድምፁን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

መዝገቡን ሳሳየው፣ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ሥራው ምን እንደነበር ጠየቅሁት። ኮሪደሩ ላይ አጎንብሶ አሳየኝ።

«እንዲህ ጎንበስ እላለሁ፣ እትዬ። ኳሱን በእጄ፣ በእግሮቼ መሃል ወደ ኋላ እሰጣለሁ። ከኋላ ያለው ይመታል።»

«አንተስ ከዚያ?»

«ከዚያ ተጋጣሚዎቹ ይወድቁብኛል።»

«ይህን ስንት ዓመት ሠራህ?»

«ዘጠኝ።»

ዘጠኝ ዓመት አጎንብሶ ሊቀመንበር ሆነ። እኔ አሥራ አራት ዓመት ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ጸሐፊ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ምስጢር መጠበቅ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ቀን መጠበቅም እንደዚያው።

ቀኑ በበጋ መጣ። ዌምብሊ አጠገብ ባለ ሜዳ፣ ከሼፈርድስ ቡሽ እድር ጋር የሽማግሌዎች ግጥሚያ ነበረን። ዜሮ ለዜሮ ሳለን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። «ሊቀመንበር ይምታ!» አሉ ሁሉም። እሱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይድን ነበር። እኔ ግን ታጣፊ ወንበሬ ላይ ሆኜ እስክሪብቶዬን ከቦርሳዬ ፈለግሁ።

ተንደርድሮ መጣና መሬቱን መታው። ጫማው ከእግሩ ወጥቶ መረብ ውስጥ ገባ፤ ኳሱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጫማው ጎል ነው» አለ የሼፈርድስ ቡሹ በረኛ። «ኳሳችሁን ግን ውሰዱልን።»

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «እመቤት፣ መዝገቡ ‹የታወቀ› ይል የለ እንዴ? ማነው የጻፈው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሃምሳ ሰው እኔን ያያል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስህተት ጻፈች ተብዬ አላውቅም።

ሰውየው በአንድ ጫማ እያነከሰ ደረሰ። «እትዬ አልተሳሳቱም» አለ። «እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳኋቸው። አማርኛዬ ደካማ ነው።»

አማርኛው ደካማ አልነበረም። እሱም እኔም እናውቃለን።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሥልጣኑን ለቀቀ። ቆሞ እንዲህ አለ፦ «የእኔ ሥራ ድሮም ኳሱን ለሚመታ ሰው መስጠት ነበር። እዚህ ቤት የሚመቱት እትዬ ናቸው።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ «ልክ ነው፣ እኛም ቀምሰነዋል» አሉ። እጅ ወጣ፣ ተመረጥኩ። ለእኔ አጨበጨቡ፤ ለእሱ ትሕትና ግን ተነሥተው አጨበጨቡ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት ወንበር የመጣልኝ በአጎነበሰ ሰው እግሮች መሃል ነው። ተቀምጬበታለሁ። የዚያን ዕለት ቃለ ጉባኤ ግን ለአዲሱ ጸሐፊ ከመስጠቴ በፊት ራሴ ጻፍኩት፦ «ሊቀመንበሩ በፈቃዳቸው ለቀቁ።» ጭብጨባውን አልመዘገብኩም።