እግሬን የታጠብኩበት ቤት

ቢቸና ያለችው ቤቴ ሁለት ክፍል ናት። አንዷ የኔ ናት፤ አንዷ ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ልጃገረዶች የሚያድሩባት። ኪራይ አልጠይቅም። ወላጆቻቸው በገበያ ቀን ስንቅ ይልካሉ። ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን ተቀብዬ እንዳያልቅባቸው እየመጠንኩ እሰጣለሁ። ሲያማቸው ጤና ጣቢያ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ሲያመሹብኝ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ማንም ሥሪ ብሎ አልሾመኝም። ባሌ ሞቶ፣ የወለድኳቸውም በየአገሩ ተበትነው ቤቱ ጭር ባለብኝ ጊዜ አንዲት የገበሬ ልጅ ከዝናብ ሸሽታ በሬ ላይ ተጠለለች። ግቢ አልኳት፤ ገብታ በዚያው ቀረች። ከሷ ኋላ ሌላዋ መጣች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት እነሱ ሲያጠኑ ከጎናቸው እየተቀመጥኩ ነው፤ ይችንም የምጽፋት በዚያችው ፊደሌ ነው።

ልጆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የሄዱትን ልጠይቅ እያልኩ እኔም መንገደኛ ሆኜ ቀረሁ። ዛሬ ደብረ ወርቅ፣ ነገ ግንደወይን፣ ከነገ ወዲያ ሞጣ። ደርሼ ስማቸውን ስጠራ ደስ ይላቸዋል። ያቀረቡልኝን እበላለሁ፣ እመርቃለሁ፣ እመለሳለሁ። ልጅ አላት፣ ባል አላት፣ ሥራ አላት፤ አሮጊት ስንት ቀን ተቀምጣ ትጎለታለች?

መንገዱም ትምህርት ቤቱም አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት በከረመበት በዚህ ዘመን ቤቴ የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። አሥረኛ ክፍል ናት። ወሬኛ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጀምራለች፤ አስተማሪው እንዲህ አለ፣ እንትና እንዲህ ሆነች። እኔ «አፍሽ አይደክመውም?» እላታለሁ እንጂ የምትመጣበትን ሰዓት ነበር የምጠብቀው። ትምህርት ሲዘጋ አገሯ ገባች። ሲከፈት በከተማው ተከራይተው የሚማሩት ጓደኞቿ ተመለሱ፤ እሷ የለችም። ከአገሯ ገበያ የመጣች አንዲት ሴት፣ «አባቷ ይበቃታል ብሏል። ጠያቂ መጥቶላታል» አለችኝ።

ለባል ሊሰጧት ነው። እንዲያ ከሆነ ትምህርቱ በዚያው አበቃ። በማግሥቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ።

በኛ አገር ለልመና ሰው ቤት የሄደ ሽማግሌ አይቀመጥም። ደጃፉ ላይ ይቆማል። ግባ ቢሉት አይገባም፣ ጠላ ቢቀዱለት አይቀምስም። አባወራው እሺ እስኪለው ድረስ እንደቆመ ነው። የቆመን ሰው ባዶውን መመለስ ደግሞ ለባለቤቱም ነውር ነው። ሽምግልና የወንድ ሥራ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ብቻዬን እየሄድኩ ስንቱን አባት እንዲያ ቆሜ ለምኛለሁ።

ከግንደወይን በእግሬ ወርጄ ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። ጭቃው እስከ ባቴ ደርሷል። ልጅቱ ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያቺ ወሬኛ አንዲት ቃል አልወጣትም። እናቷ ገና ከአጥሩ ሳልዘልቅ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ ደረሰች፤ በርጩማ አቀረበች።

«ውይ እማማ! ይኼን ሁሉ መንገድ! ይቀመጡ፣ እግርዎ አልቋል እኮ።»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ…» እያልኩ ጉልበቴ ራሱ ታጠፈ። ውኃው ደስ ሲል! ጣቶቼን አንድ ባንድ አሸችልኝ፤ አጥባ ስትጨርስ እግሬን ስማ ተነሣች።

አባትየው ይኼኔ ከበረት በኩል ብቅ አለ። «እንኳን ደኅና መጡ እናቴ።»

«እንኳን ደኅና ቆየኸኝ። ልጄ፣ የመጣሁትስ ልለምንህ…»

«እግርዎን ታጥበዋል እኮ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እንግዳ ነዎት። እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ያድራል እንጂ ነገር አያነሣም።»

ሚስቱን ቀና ብዬ አየኋት፤ አቀረቀረች። ለካ ቁልቁለቱን ስወርድ አይቶኝ ኖሯል ውኃ ያስሞቀው። ምን አደርጋለሁ? ራት ቀረበ፣ በላሁ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ጤፉ አወራን። ልጅቱ ከምሰሶው ኋላ ሆና ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

ጠዋት ቤቱን መርቄ ወጣሁ። እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ደኅና ሁኑ ተባብለን ትንሽ እንደሄድኩ ዞርኩና ተመልሼ ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ።

«ምን ረሱ እናቴ?»

«ምንም። ገና አሁን መምጣቴ ነው።»

«አሁን ሸኘንዎት አይደለም እንዴ?»

«እሷማ እንግዳዋ ናት። ጠግባ መርቃችሁ ሄደች፤ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ።»

እናትየው በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። እሱ ግን አልሳቀም። «የየትኛው ቅኔ ቤት ተማሪ ነዎት እርስዎ?» አለና ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ሄደ። እኔ በበትሬ ተደግፌ ቆምኩ። ፀሐዩ ወጣ። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። አንዱ ጎረቤት ከማሳው ዳር ሆኖ፣ «አንተ! የሰው እናት ፀሐይ ላይ አቁመህ ታርሳለህ? በሬህ አያፍርልህም?» ብሎ ሲጮህበት ሰማሁት።

በሬዎቹን ፈትቶ መጣ። ከፊቴ ቆመ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ድምፁ ዝቅ አለ።

«እናቴ፣ ትምህርቱን አይደለም የጠላሁት። እርስዎ ቤት የገባች ልጅ አትመለስም። ይኼ ጎረቤቴ ልጁን ለእርስዎ ሰጠ፤ ተማረች፣ ሥራ ያዘች። ለዓመት በዓል የት ናት? ቢቸና፣ እርስዎ ዘንድ። እናቷ በጉን አሳርዳ መንገድ መንገድ ስታይ ትውላለች። ልጄን ነው የሚወስዱብኝ።»

ያቺ የጎረቤቱ ልጅ በበዓል ስትመጣልኝ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። እናቷ መንገድ እንደምታይ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

«ትማር» አለ። «ጠያቂዎቹን እመልሳለሁ። ግን ሞጣ እኅቴ ዘንድ ሆና ትማር። ከእርስዎ ቤት አትገባም። በዚህ እሺ ካሉኝ ይቀመጡ።»

ልጅቱን አየኋት። እሷ የምታየው አባቷን ነው፤ ትማር ያለበትን አፉን። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማችም አልመሰለኝ። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ቢቸና ያለችው ክፍል፣ አልጋዋ፣ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ባንዴ ፊቴ ላይ መጣ።

ተቀመጥኩ።

ጠላ ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። እሱም እርሻው ጊዜ ስለማይሰጠው አደራውን ለኔው ሰጠኝ። ከነስንቋ ሞጣ አድርሼ፣ ለአክስቷ አስረክቤ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ የሄድኩት አንዴ ነው። ያደርኩት አንዲት እስላም ወዳጄ ዘንድ ነው፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። በማግሥቱ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ማዶ ቆምኩ። ከጓደኞቿ ጋር እያወራች ወጣች፤ ሳታየኝ ድምፅዋን ለየሁት። ስታየኝ ጥላቸው መጣች። «እምዬ!» ወፍራለች፤ አክስቷ ደግ ናት አለች። ፈተና ጥሩ አምጥቻለሁ አለች። ለበዓል አገር ልገባ ነው፣ አባዬ ራሱ ሊወስደኝ ይመጣል አለች።

«እሰይ! ከእናትሽ ጋር ዋይ» አልኳት።

ጓደኞቿ ከወዲያ ይጠሯታል። ልትሄድ ብላ ዞረች። «እምዬ፣ አሁን ቤት ማን አለ?»

«አለች አንዲት» አልኳት። ማንም አልነበረም።

«እንዴት ናት?»

«ዝምተኛ ናት።»

«ውይ፣ ይደብርሻላ!»

«እለምዳታለሁ። ሂጂ፣ እየጠሩሽ ነው።»