መጀመሪያ ፕሮፔለሩ፣ ከዚያ ነዳጁ

ለቅሶ ላይ ሁሉም «ደፋር አብራሪ ነበሩ» ሲል ሰነበተ። አልነበሩም። አጎቴ ዕድሜያቸውን በትንሽ አውሮፕላን የአንበጣ መድኃኒት ሲረጩ የኖሩ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። አርጅተው አልጋቸው ላይ የሞቱትም ለዚህ ነው፤ ደፋር ባልደረቦቻቸውን ቀድመው ቀብረዋል።

አንዴ ከሂርና ወደ ጭሮ ስንመለስ የሚኒባሱ ሹፌር ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ተያያዘው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ነዳጅ ይረግጣል።

«ልጄ፣ አስቀድመህ ማርሹን ቀንስ፤ ከዚያ ነዳጅ ስጠው» አሉ አጎቴ፣ ከጎኑ ተቀምጠው።

«አቦ፣ መኪና ይነዳሉ እንዴ?»

«አውሮፕላን እንጂ መኪና አልችልም። እዚያም ኃይል ስትጨምር መጀመሪያ የፕሮፔለሩን ዙር ታፈጥናለህ፣ ከዚያ ነዳጁን ትጨምራለህ። ስትቀንስ ደግሞ መጀመሪያ ነዳጁን ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ሞተሩን ትገድለዋለህ።»

«ታዲያ ዳገቱን ለምን አያበሩንም?» አለ ሹፌሩ እየሳቀ። ማርሹን ግን ቀነሰ፤ ሞተሩም ተንፈስ አለ።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ዳገት በሚኒባስ አለፍኩ። በአጎቴ ቦታ የጫት እስር ተቀምጧል። ሞተሩ ሲያቃስት የተናገረ ሰው አልነበረም።

ለሙት ዓመታቸው ስትመጡ የጀግንነት ወሬ አታምጡልኝ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ኑ።