ጋሼ ሳያጠፉት የሄዱት ሰሌዳ

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምላቸው፣ ጁባ ዳር ጉምቦ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ከሁለት ሳምንት በፊት ዐረፉ። ሰሌዳ ከማጥፋታቸው በፊት ዳስተሩን እንደያዙ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው በጁባ ዐረብኛ «ኩሉ ካላስ?» ይሉ ነበር፤ ሁላችሁም ገልብጣችሁ ጨረሳችሁ ወይ ማለታቸው ነው። አንድ ልጅ እንኳ ገና ነኝ ብሎ እጁን ካወጣ ቆመው ይጠብቁታል።

እኔም እዚያው ሒሳብ አስተምራለሁ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሮ ሥልጠና ወስጄ የተመለስኩ ሰሞን፣ መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት «ጋሼ፣ ማስገልበጥ እኮ ቀርቷል! አሁን ልጆቹ በቡድን እየተወያዩ ነው የሚማሩት» አልኳቸው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! እሳቸው ግን አልተቆጡኝም።

«ጥሩ ነው የኔ ልጅ፤ መጽሐፉስ መጣ?» አሉኝ።

ለክፍሉ ሁሉ የመጣው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ እሱም እሳቸው እጅ ላይ ነበር።

ትናንት ክፍላቸውን ደርበሽ ያዢ ተባልኩ። ስገባ የመጨረሻ ትምህርታቸው እንዳለ ሰሌዳው ላይ ነው፤ ልጆቹ ማንንም አላስነኩም። መጽሐፉ ዛሬም ያው አንዱ ነው። በሥልጠናው እንደተነገረኝ በቡድን በቡድን አስቀመጥኳቸው፤ የሚወያዩበት ነገር ስለሌላቸው እኔኑ ያዩ ጀመር። ሌላ ላስገለብጣቸው ዳስተሩን አነሳሁና፣ እንደ ጋሼ ዞሬ «ኩሉ ካላስ?» አልኩ።

ሁሉም ገና ነን ብለው እጃቸውን አወጡ። ደብተራቸው ተዘግቷል፤ ከገለበጡት ሰንብቷል። ጋሼ ቢሆኑ ይጠብቁ ነበር። እኔም ዳስተሩን ይዤ ቆምኩ፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም።