የአባቴ የጀርመን አካፋ

እኔ ቂመኛ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ! የጀርመን ወታደር ምሽግ የሚቆፍርበትን አጭር አካፋ መሰብሰብ የጀመርኩት በፍቅር አይደለም፣ በቂም ነው።

አባቴ በደርግ ጊዜ ዘምቶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ንብረት አንድ ታጣፊ አካፋ ከነቆዳ መያዣው ነበር። ያኔ ለጦሩ ከምሥራቅ ጀርመን ከመጣው ዕቃ አንዱ ነው። መያዣውን «ማኅደር» ይለዋል፤ እንደ ጸሎት መጽሐፍ አንግቶት ማሳ ይወርዳል። ድንች የሚያወጣው በሱ፣ ቦይ የሚጠርገው በሱ። በበጎቹ ጆሮ ላይ የሚቆርጣትን ምልክት በማኅደሩ ክዳን ጫፍም ቆርጧት ነበር፣ ማንም እንዳይወስድበት።

ወሰዱበት። አባቴ በሞተ በአርባው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆቴል ያለው የድሮ ወዳጁ ቤታችን መጣና እናቴን «እትዬ፣ አካፋውን ለማስታወሻ ፎቶ አንስቼው ልመልስልዎ» አላት። ሐዘንተኛ ሴት ምን ትላለች? አውጥታ ሰጠችው። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ስትጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ «የቱ አካፋ?» አላት። ከዚያ ወዲህ እናቴ «በገዛ እጄ ሰጠሁት» እያለች ራሷን ስትበላ ኖረች። ቂሙን እኔ ያዝኩ።

አካፋው ግን ከነማኅደሩ፣ ምልክቷ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ሆቴሉ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ሰውየው ለእንግዳ ሁሉ «አያቴ ጣሊያንን ገድሎ የማረከው ነው» ይላል። ብጮህ ማን ያምነኛል? አካፋ ከአካፋ በምን ይለያል ይሉኛል። ስለዚህ መለየት ተማርኩ። ሮብ ገበያ፣ አምበር፣ አማኑኤል፣ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ እየዞርኩ አገላብጣለሁ፤ ያገኘሁትንም ቤት አከማቻለሁ። ሚስቴ «ቤቱን ምሽግ አደረግኸው፣ ጦርነቱ መቼ ነው?» ትለኛለች። ደርሷል እላታለሁ።

አምና በጥምቀት ማግስት ሆቴሉ ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ተሞልቶ ነበር። ሰውየው ወሬውን ጀመረ። አላቋረጥኩትም። ከፍ ይበልልኝ ብዬ ጠበቅሁ፣ ሲወድቅ እንዲያመው። ሲጨርስ «ጋሼ፣ እስቲ ያውርዱትና እንየው» አልኩት። በእንግዶቹ ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ከቦርሳዬ ሁለት አካፋ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከሱ ጎን አስቀመጥኩ። «ዕቃው የጀርመን ነው፤ አያትዎ ሲዋጉ ግን ጀርመን ይሠራ የነበረው ይሄንን ነው፤ ብረቱ አራት ማዕዘን ነው፣ አይታጠፍም። የርስዎ ግን ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፣ ለደርግ ጦር ከመጣው። አያትዎ የማረኩት ደርግን ነው እንዴ?» እንግዶቹ ሳቁ። ማኅደሩን ገልብጬ ምልክቷን አሳየኋቸው። «ይህቺ የአባቴ የበግ ምልክት ናት፤ አገር ያውቃታል» አልኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «በል ውሰደው፣ አታዋርደኝ» አለኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን በወጣኝ! ከማን እጅ እንደወሰዱት ያውቃሉ፤ እዚያው ይመልሱ» ብዬው ወጣሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰው። በሄደበት ሁሉ «አርበኛው መጣ!» ይሉታል። መቋቋም ሲያቅተው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንንና ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ፤ ጫንቃው ላይ ድንጋይ፣ እጁ ላይ አካፋው። ደጃችን ላይ እናቴ እግር ሥር ጎንበስ ብሎ ቆመ። ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር፣ ይቅር በይው» ይላሉ። እኔ ደግሞ እናቴን ቶሎ እሺ እንዳትል በዓይኔ እለምናታለሁ። ትንሽ ይክበደው! የንስሐ አባቴ አይተውኝ «ልጄ፣ ተው እንጂ!» ብለው ገሠጹኝ። አልተውኩም።

እናቴ የዋህ ናት፤ አሁን ትምረዋለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ድንጋዩን አውርድ። አካፋውን ግን ያዘው» አለችው። «የባሌን መቃብር ክረምቱ አጎድጉዶታል። ሂድ፣ በራሱ አካፋ አፈር አልብሰው።»

ሁላችንም ተያይዘን ቤተ ክርስቲያን ወረድን። ሰውየው ከነሱፉ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከዳር አፈር እየቆፈረ መቃብሩ ላይ ይከምር ጀመር። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። አንድ ሽማግሌ ሊያግዙት እጃቸውን ሲዘረጉ ከለከልኳቸው። ደስ አለኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆሜ አልዋሽም።

መቃብሩ ሞልቶ ጉብ ሲል ቀና ብሎ እናቴን «እትዬ፣ ይበቃል?» አላት።

እናቴ ወደ መቃብሩ እያሳየች «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው» አለችው።

ሰውየው መቃብሩን አየና እንደገና ጎንበስ ብሎ መቆፈር ቀጠለ።