ደራሲዋ ጠጣሁት ያሉት ጸበል

ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ የሚንከባከቡ ሠራተኞችን የሚልከው ኤጀንሲያችን ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሲመድበኝ፣ አስተባባሪዋ በስልክ «ደራሲ ናቸው፤ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም» አለችኝ። ስትሮኩ አላስፈራኝም፤ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለዓመታት ተንከባክቤያለሁ። የከበደኝ ደራሲ መሆናቸው ነው። ሰው ቤት ገብቶ የሚሠራ ሰው የሰው ጓዳ ያያል። እኔ የእሳቸውን ሳይ እሳቸው ደግሞ የእኔን ሊያዩ ነው ብዬ ገና ሳልሄድ ጠረጠርኩ።

ከምኖርበት ከአውሮራ በኮልፋክስ መንገድ አውቶቡስ እመላለስ ነበር። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ናት። ስምንት መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም አጫጭር ልብወለድ። ለምን ረጅም እንዳልጻፉ ብጠይቃቸው «ልጆቼ ረጅም እንቅልፍ አይተኙም ነበር» አሉኝ። በወጣትነታቸው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበሩ፤ ከየጠረጴዛው የሰሙትን ትእዛዝ በሚቀበሉበት ወረቀት ጀርባ ይጽፉ ነበር። መጽሔቶች «አልተቀበልነውም» እያሉ የላኩላቸው ደብዳቤዎች አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። ኋላ ግን ሽልማትም አገኙ፣ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። ስማቸውን ያስጠራው ስለ እኅታቸው ትዳር የጻፉት ታሪክ ነው። እኅትየው ካነበበችው ወዲህ አናግራቸው አታውቅም።

«ይቅርታ አልጠየቋትም?» አልኳቸው።

«ጠይቄያለሁ። ታሪኩን ግን ከመጽሐፉ አላወጣሁትም። ጥሩ ታሪክ ነበር።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ አፌን ቆለፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለ ባሌ ሲጠይቁኝ «ደህና ነው»፣ ስለ ልጄ «ትማራለች»፣ ስለ አገሬ «ሰፊ ነው» እላለሁ። እሳቸው ግን እንደዚያም ሆኖ በግራ እጃቸው ትንንሽ ካርድ ላይ እየተንጋደደ ይጽፋሉ። ያልነገርኳቸው ነገር እንዴት ይጻፋል እያልኩ ልቤ አያርፍም ነበር።

«ዛሬም ቁርስ አልበላሽም?»

«ጾም ነው።»

«ለስንት ቀን?»

«ለአሥራ አምስት።»

ጻፉት። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው «እስካሁን አላውቅም» አሉ።

በዚያው በፍልሰታ ጾም ነው ጥፋቱን ያጠፋሁት። ሹካው ከእጃቸው እያመለጠ ምግቡ ደረታቸው ላይ ሲወድቅ ማየት አቃተኝ። ከቅዳሴ በኋላ የምንቀዳውን ጸበል በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እየያዝኩ፣ ጠዋት ኪኒና በሚውጡበት ብርጭቆ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ፤ በለሆሳስ «በስመ አብ» እያልኩ። እኛ ዘንድ የታመመን ሰው ጸበል ለማጠጣት ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ ተኝቶም ይረጫል። ሥልጠናው ላይ ግን ከኬር ፕላኑ፣ ማለትም ለታካሚው ከታዘዘው ዝርዝር፣ ውጭ ምንም ነገር ወደ ታካሚ አፍ እንደማናስገባ ፈርመናል። ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ይፈቀዳል፣ አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ጠበቃ አያጣም።

በሁለተኛው ሳምንት አልጋቸውን ሳነጥፍ ከአንሶላው መሀል አንድ ካርድ ወደቀ። የሰው ጽሑፍ ማንበብ ልማዴ አይደለም። ይህንን ግን አነበብኩት፦ «ጠርሙሱን የማላይ ይመስላታል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።»

ይህ ታትሞ የምትቆጣጠረን የኤጀንሲያችን ነርስ ብታነበው ላይሰንሴ፣ የሥራ ፈቃዴ፣ ሄደ ማለት ነው። ባሌ ወገቡን ታሞ መንዳት ካቆመ ወዲህ ቤታችን የሚኖረው በእኔ ላይሰንስ ነው። ካርዱን ወደነበረበት መለስኩና ቤቴ ስገባ ለልጄ ነገርኳት።

«ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ሳትነግሪያት?»

«ጸበል እኮ ነው።»

«ለአንቺ ጸበል ነው። ፎር ሀር ምን እንደሆነ የማታውቀው ራንደም ሊኩዊድ ነው።»

አባባሏ አስከፋኝ።

በማግስቱ ጠርሙሱን ሳልይዝ ሄድኩ። ደራሲዋ ኪኒናቸውን ዋጡና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት። «የዛሬው ውሃ ብቻውን ነው?» አሉ።

ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

«መጀመሪያ ሦስት ቀን መስኮቱ ላይ ያለው አበባ ውስጥ ደፋሁት» አሉ። «ልጄ ቤቱን ለመሸጥ ቸኩሎ የላከሽ መስሎኝ ነበር።»

«መርዝ መስሎዎት?»

«አዎ። አበባው እንዳልሞተ ሳይ ጠጣሁት።»

«ታዲያ ለኤጀንሲው ለምን አልደወሉም?»

«ሌላ ሴት ይልኩልኛላ። የምታወራ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ እንዳያሳትሙት ለመንኳቸው።

«ስምሽ አይኖርም። የግሪክ ሴት አደርግሻለሁ።»

«የግሪክ ብትሆንም ወደዚህ ቤት የተላክሁት እኔ መሆኔን ነርሷ ታውቃለች።»

ከመሳቢያቸው አንድ እስር ካርድ አውጥተው ሰጡኝ። «በይ፣ ውሰጂው፤ ያንቺው ነው» አሉ። አመስግኜ ተቀበልኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ በአንድ አየኋቸው። ስለ ጾሜ አለ፣ ስለ ጫማዬ አለ፣ በር ስዘጋ ሁለቴ እንደምፈትሽ አለ። ያ ከአንሶላው የወደቀው ካርድ ግን የለም።

እሑድ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «ለእኔ መናገርሽ መልካም ነው ልጄ፤ ቃል የገባሽላቸው ግን ሌሎች አሉ፤ ለእነሱም ተናገሪ» አሉኝ። ሰኞ ግሌንዴል ካለው የኤጀንሲው ቢሮ ሄጄ ለነርሷ ራሴ ነገርኳት። ሌላ ሰው ጽፎ እስኪያወጣው ከምጠብቅ ይሻላል ብዬ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ፣ ሥልጠናውን እንደገና አስወሰደችኝ፣ ከደራሲዋ ቤትም አነሳችኝ። ላይሰንሴ ተረፈ። አሁን ሎውሪ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ዘንድ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቤዝቦል ያያሉ እንጂ ምንም አይጠይቁኝም።

ብርዱ ገብቶ በረዶ ሲጥል ታሪኩ መጽሔት ላይ ወጣ። ልጄ ስልኳ ላይ አግኝታ አነበበችልኝ። ተንከባካቢዋ የግሪክ ሴት ናት። ጠርሙሱ አለ፣ የሚንቀሳቀሰው ከንፈርም አለ። አሮጊቷ በየጠዋቱ ውሃውን አበባው ላይ ትደፋለች፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ።

«አንድ ቀንም አልጠጣችም?» አልኩ።

«ኖፕ።»

«ለእኔ ግን ጠጣሁት ብለውኛል።»

«ማሚ፣ ፊክሽን እኮ ነው።»

እሱ ነው የቸገረኝ። የትኛው ነው ልብወለዱ፤ ለመጽሔቱ የጻፉት ወይስ ለእኔ የነገሩኝ? ሦስት ቀን አሰብኩበትና ደወልኩላቸው። ድምፄን ለዩት።

«አነበብሽው?»

«ልጄ አነበበችልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ጠጥተውታል ወይስ አልጠጡትም?»

ቀስ ብለው «ነርሷ ምን አለችሽ?» አሉ። «ስትነግሪያት ቆመሽ ነበር ወይስ ተቀምጠሽ?»

የካርዶቹ መሳቢያ ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

እሳቸው የእኔን፣ እኔም የእሳቸውን መልስ ጠበቅን። ስልኩንም ማናችንም አልዘጋነውም።