ታኅሣሥ ላይ የለካሁት ጥላ

መንደራችን ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ትርቃለች። በዚያን ጊዜ ሰዓት ያሰረ ሰው አልነበረባትም። እኔ ግን ሰዓት በጣም አስፈልጎኝ ነበር። ቆቦ ያለው የመንገድ ሥራ ሰፈር የመጋዘን ጸሐፊ ሊቀጥር ነው ተባለ። ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጽሕፈትና ሒሳብ። ማንበብና መጻፍ ለብቻዬ ታግዬ ለምጃለሁ፤ ማካፈል ግን አላውቅም። ስለዚህ በየቀኑ በሬዎቹ ቀትር ላይ ተፈትተው ሲያርፉ ሒሳብ ልሠራ ወሰንሁ። ዕረፍቱ መቼ እንደሚያልቅ ካላወቅሁ ግን ምን ያህል እንደምሠራ ማቀድ አልችልም።

ታኅሣሥ ላይ ቆቦ ሄድሁና ሰዓት ያለው አንድ ልብስ ሰፊ ለመንሁ።

“ጋሼ፣ ሰዓትዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ።”

“ወላሂ፣ መኪናውን ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር” አለኝ የልብስ መስፊያ መኪናውን እያሳየ። “ከፈለግህ ደጄ ቁም። ሰዓቱ ሲሞላ እጠራልሃለሁ።”

ቆምሁ። እሱ ከውስጥ “ሦስት!” ሲል የጥላዬ አናት ላይ ጠጠር አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ ከቆምሁበት እስከ ጠጠሩ ድረስ ተረከዜን ከአውራ ጣቴ እያገጣጠምሁ በእግሬ እለካለሁ። አንዱ እርምጃ አንድ ጫማ ነው።

“ምን ጠፋብህ አንተ?” አለኝ ግመል የሚነዳ አንድ አላፊ።

“ጥላዬን እየለካሁ ነው።”

“ለሱሪ ነው ለእጀ ጠባብ?” ብሎኝ እየሳቀ አለፈ።

ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ደብተሬ ላይ ሙሉ ሠንጠረዥ ነበረኝ። ከላዩ “ታኅሣሥ” ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ወር ሳልጽፍ ምንም አልጽፍም። ከቀትር በኋላ ጥላዬ አምስት ጫማ ሲሆን ሰባት ሰዓት ነው። ስድስት ጫማ ተኩል ሲሆን ስምንት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላዬ አምስት ጫማ እስኪሞላ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ሲሞላ ደብተሬን አጥፌ እነሣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ዕረፍት ከሦስት ጥያቄ በላይ አይሆንልኝም ነበር። በየካቲት አምስት ጥያቄ ደረስሁ። መጋቢት ላይ ስምንት። አእምሮዬ እየተሳለ ነው ብዬ አመንሁ፤ ቁጥሮቹን በየቀኑ እየጻፍሁ ለብቻዬ እደሰት ነበር።

አባቴ ግን ማሳው ዳር ቆሞ “በሬዎቹ አርፈው አርፈው ሰለቻቸው እኮ! አንተ ልጅ፣ ዛሬም አልበቃህ?” ይለኛል።

“ገና አምስት አልሞላም አባባ።”

“የምን አምስት?” ይልና ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። እኔም ወደ ማካፈሌ እመለሳለሁ።

የፈተናው ቀን በሚያዝያ ዋለ፤ ጥሪው ለስምንት ሰዓት ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ሰባት ላይ መነሣት አለብኝ፤ ማለትም በአምስት ጫማ። ልብሴን አጥቤ ለብሼ ደጅ ወጣሁ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት፤ ጥላዬ አንድ ጫማ እንኳ አይሞላም። ጊዜ አለኝ ብዬ ማካፈል ስከልስ ቆየሁ። እየተነሣሁ እለካለሁ፤ ሁለት፣ ሦስት። ቀኑ ለምን እንዲህ እንደተንቀራፈፈ ገረመኝ እንጂ አልጠረጠርሁም። ዐሥራ አንድ ጥያቄ ጨረስሁ። አምስት ሲሞላ በደስታ ተነሣሁ።

ስደርስ ተፈታኞቹ እየወጡ ነው። ፈታኙ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ይሰበስባል።

“ምን ፈለግህ?”

“ለፈተናው ነው ጌታዬ፤ የስምንት ሰዓቱ።”

ሰዓቱን አሳየኝ። ለዐሥር ዐሥር ጉዳይ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ሠንጠረዡን ዘረጋሁለት። እሱ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፤ ከዚያ ከላይ ያለውን ቃል በጣቱ ነካው።

“የታኅሣሥ ነው እኮ። አሁን ሚያዝያ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምታልፍ፤ አሁን አናትህ ላይ ናት። ጥላህ ያጥራላ፤ አምስት የሚሞላው ዘግይቶ ነው!”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዕረፍቴ ነበር የረዘመው፤ አእምሮዬ እንደዚያው ነው። ሥራው አመለጠኝ ብዬ ማዘን ሲገባኝ፣ ጥላዬን እዚያው ለካሁት፤ ስምንት ጫማ ተኩል። አዲስ ገጽ ገልጬ “ሚያዝያ፣ ለዐሥር ዐሥር ጉዳይ” ብዬ ጻፍሁ። ፈታኙ ሳቀ።

“በሐምሌ ሌላ ጸሐፊ እንቀጥራለን። ያኔ ና።”

“በሐምሌ ፀሐይ ከሌለ በምን እለካለሁ?”

“ከጧት ጀምረህ እዚህ በር ላይ ተቀመጥ!”

ሥራውን ያገኘሁት በሐምሌ ነው፤ የተባልሁትን አድርጌ። ሲነጋ ደርሼ በዝናብ ከአጥሩ ሥር ተጠልዬ ስጠብቅ የሰፈሩ ዘበኛ “ምነው እንዲህ ማለድህ? ገና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው” አለኝ። እጁ ላይ ሰዓት አልነበረም።

“በምን አወቁ?”

“የሚተካኝ ተረኛ ገና አልመጣማ። እሱ የሚመጣው በአንድ ነው።”

“እሱስ በምን ያውቃል?”

“እንጃ” አለ፤ “ሲመጣ እንጠይቀዋለን” ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።