ማርቆስ የሚዘጋባት ዜማ

ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጓደኛዬ ማርቆስ ሐዋሳ ውስጥ በጉበት በሽታ ሞተ። ሰዓቱን ከነርሷ አረጋግጫለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለሚስቴም አልነገርኳትም፤ በጸሎቴም አላነሳሁትም።

ማርቆስ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ዘፈን ይጫወታል፤ እንጀራው ነው። ሽማግሌዎቻችን አያውቁም። ቢያውቁ ከአገልግሎት እንደሚያግዱት እሱም እኔም እናውቅ ነበር።

ዝግጅቱን ሊዘጋ ሲል ግን ሁልጊዜ አንዲት ዜማ ያለ ቃል ይጫወታል። ራሱ ለመዘምራኑ የደረሳት መዝሙር ናት። ዓሳውን የሚበላው ሰው ሁሉ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ይከተላታል።

«ቢራቸውን ይዘው ዘመሩልኝ እኮ!» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ለምሠራበት ጋዜጣ ስለ ሆቴል ሙዚቀኞች ጽሑፍ ሳዘጋጅ ስሙን ልጥቀስ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታስባርረኝ ነው?» አለ። ከዚያ ግን፣ «ይሁን፣ መደበቁም ሰልችቶኛል። የምዘጋባትን ግን ጻፍልኝ። ሽማግሌዎቹ እሷን ካነበቡ ይገባቸዋል።»

«እጽፋለሁ» አልኩት።

ጻፍኳት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ከዚያ ሰረዝኳት። ለምን? ቦታ ጠቦኝ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው፤ ከፎቶው ሥር ሦስት መስመር ተርፎኝ ነበር። የሰረዝኳት «ቅዳሜ ሆቴል፣ እሁድ መዘምራን» የሚለውን ርዕሴን ስላደበዘዘችብኝ ነው። እኔ የፈለግኩት ሁለት ፊት ያለው ሰው ነበር፤ እሷ አንድ ፊት ያለው አደረገችው።

በታተመው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተመካሁት በዚሁ ነው። እውነቱን እየመረጡ ሰው መጣል እንደሚቻል በማርቆስ ተማርኩ ልበል? አልልም። ስሰርዛትም አውቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጋዜጣውን ይዘው ጠሩት። ስለ ዜማዋ ነገራቸው። «ታዲያ ጋዜጠኛው ጓደኛህ ለምን አልጻፋትም?» አሉት። ታገደ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የእሱን መዝሙር ሌላ ሰው ሲጫወት አዳመጠ። እኔ ከፊት እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን በር ላይ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ያቺን ነገር ረስተሃት ነው?»

«አዘጋጁ ቆርጧት ነው» አልኩት።

አመነኝ። «አይ የእናንተ ነገር!» ብሎ ሳቀ። መሰረዜ አንድ፣ ይህ ሁለት። ሁለተኛው ይብሳል፤ በአዘጋጁ አላክኬ፣ ይቅር ሊለኝ የሚችለውን ሰው፣ የሚምረውን በደል እንዳያውቅ አደረግኩት።

ከቀብሩ በኋላ ሐሙስ ዕለት ዋናው ሽማግሌ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ማርቆስ አልዋሸዎትም። ዜማዋን ሲጫወት ሰምቻለሁ፣ ጽፌያትም ነበር። የሰረዝኳት እኔ ነኝ። እሁድ በጉባኤው ፊት ስሙን ያንሱልኝ።»

«እሱ በሕይወት እያለ ምን ከለከለህ?»

«ማፈር።»

«አሁን አታፍርም?»

ልሄድ ተነሳሁ። «ከወንድሞች ጋር እንመክርበታለን» ብለው ሸኙኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።

እሁድ አገልግሎቱ በሦስት ሰዓት ተጀመረ። መዘምራኑ የማርቆስን መዝሙር ዘመሩ። ከስብከቱ በኋላ ሁለት ሰርግ፣ አንድ የጾም ጸሎት እና አንድ የሴቶች ስብሰባ ተነገረ። የማርቆስ ስም አልተነሳም።